ኳሷ ለምን ትዘላለች?

የሃምሳና የስልሳ ጣጣ፤ ከደባርቅ ሜዳ እስከ ቴሌቪዥን

ደባርቅ ላይ ጨዋታ አለ እንበል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከተራራው በኩል የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ጃኬት ያስለብሳል። አንድ የክንፍ ተጫዋች ከመስመር ተነስቶ ሁለት ሰው ያልፍና ከሳጥኑ ጠርዝ ይመታል። ጎል! ሜዳውን የከበበው ሕዝብ ይጨፍራል። ዳር ላይ ቆሞ በሞባይሉ ሲቀርጽ የነበረው ጓደኛው "ይዣታለሁ!" ብሎ ይጮሃል። ማታ ላይ ያቺ ቪዲዮ በፍላሽ ተገልብጣ ኳስ በሚታይበት ቤት ሪሲቨር ላይ ትሰካለች። ልጁ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ መሮጥ ይጀምራል። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ሩጫው ይንገጫገጫል፤ ኳሷም አትንከባለልም፤ እንደ ፌንጣ ትዘላለች።

ያኔ ሁሉም ዳኛ ነው። "ሞባይሉ ፌክ ነው" የሚል አለ። "ፍላሹ ቫይረስ አለበት" የሚልም አይጠፋም። "ቴሌቪዥኑ ነው ባካችሁ፣ አርጅቷል" ይላል ሦስተኛው። እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ንጹሕ ናቸው። ጥፋተኛው ቁጥር ነው። ሞባይሉ ከፋብሪካ ሲወጣ በሰከንድ 30 ምስል እንዲያነሳ ሆኖ ተሠርቷል። በኢትዮጵያ ግን መብራቱም፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱም የሚሠሩት በ50 ነው። ሪሲቨሩ በ50 ተስተካክሎ ከሆነ የመጡለትን 30 ምስሎች በ50 ቦታ መደልደል አለበት። እንዴት ይደለድላል? አንዱን ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩንም ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውን አንድ ጊዜ ብቻ እያሳየ። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ... ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ... ዓይን ይህችን እኩል ያልሆነች እርምጃ ወዲያው ይይዛታል። አነካሹ ልጁ ሳይሆን አቆጣጠሩ ነው።

ነገሩ የቴክኒሻኖች ወግ ይመስላል። ለዚያ የክንፍ ተጫዋች ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ዳባትን አልፎ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ቱሪስት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ አድርጎ ያውቃታል። ኳስ ለሚጫወት ልጅ ግን መግቢያው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ፋሲል ከነማ ያለው ጎንደር ነው። መልማይ በየሳምንቱ ተራራ እየወጣ የወረዳ ጨዋታ አያይም። "ቪዲዮ ካለህ ላክልኝ" ማለት ይቀለዋል። ልጁ ያለው ዕድል እንግዲህ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። አሠልጣኙ በዚያች ቪዲዮ ውስጥ የሚፈልገው ጎሉን ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያ ንክኪውን፣ ከቆመበት እንዴት እንደሚፈተለክ፣ ተከላካዩን ሲያታልል ወገቡ እንዴት እንደሚዞር ማየት ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የሰከንድ ቁራጮች ናቸው። ቪዲዮው የሚያበላሸውም እነዚህኑ ቁራጮች ነው።

ሃምሳ ከየት መጣ?

መልሱ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጅረቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል ማለት ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከሕዳሴው ግድብ የሚመጣውም ኃይል በዚሁ ምት ይመታል። እንግሊዝና መላው አውሮፓም 50 ናቸው። አሜሪካ ግን 60 ነው። ጃፓን ደግሞ የጉድ አገር ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ጄኔሬተር በመግዛታቸው የአገሪቱ ምሥራቅ እስከ ዛሬ በ50፣ ምዕራቡ በ60 ይሠራል። አንድ አገር፣ ሁለት የልብ ምት!

የመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን መሐንዲሶች የምስሉ ፍጥነት ከመብራቱ ምት ጋር ካልገጠመ ስክሪኑ ላይ ጥላ እየተንከባለለ እንደሚያስቸግር አዩ። ስለዚህ አጋጠሙት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1936 ስርጭት ሲጀምር በ50 ጀመረ። አሜሪካኖች በ60 ሄዱ። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1953 ቀለም ሲጨምሩ ቁጥሩን በጥቂቱ ቀነስ አድርገው 59.94 አደረጉት፤ ይህቺ ሽርፍራፊ እስከ ዛሬ የኤዲተሮች ራስ ምታት ናት። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ድጋፍ የሰጣት ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፤ ምቱም 50 ሆነ። ባለቀለሙ ስርጭት በ1977 ዓ.ም. ሲመጣ ፓል የተባለው የአውሮፓ ሥርዓት ተመረጠ። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ይባላል። በነገራችን ላይ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫ ያነሳበት የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ግብጽን 4 ለ 2 የረታንበት ፍጻሜ፣ ከቴሌቪዥኑ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነበር። ያንን ጨዋታ በቤቱ ተቀምጦ በቀጥታ ያየ ኢትዮጵያዊ የለም።

አሁን አንድ ጥያቄ የሚያነሳ አንባቢ ይኖራል። ፓል በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ነው ይባላል። ሞባይሉ ደግሞ 30 አለው። 30 ከ25 ይበልጣል አይደል? ታዲያ የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ኳስ ከሞባይሉ ለምን ይለሰልስ ነበር?

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን አንዱን ምስል ለሁለት ይከፍለዋል። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይሥላል። የስፖርት ካሜራው ደግሞ ሁለቱን ግማሾች የሚያነሳቸው በተለያየ ቅጽበት ነው። ስለዚህ በስም 25 ይሁን እንጂ ዓይን የሚያየው 50 ቅጽበት ነው። ኳሷ በሰከንድ 50 ቦታ ላይ ታየች ማለት ነው፤ በሞባይሉ ላይ ግን 30 ቦታ ብቻ። ለድራማና ለፊልም 25 ሙሉ ምስል ይበቃል፣ እንዲያውም ያምራል። ለኳስ ግን አይበቃም።

ሂሳቡን እዩት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ25 ከቀረጻችሁት ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ድረስ 1 ሜትር ከ11 ሳንቲ ይዘላል። በ30 ከሆነ 93 ሳንቲ። በ50 ከሆነ 56፣ በ60 ከሆነ 46 ሳንቲ። የኳሷ ውፍረት 22 ሳንቲ ብቻ ነው። "መስመር አልፋለች፣ አላለፈችም" የሚለው ጭቅጭቅ ሊፈታ የማይችልባቸው ቪዲዮዎች የበዙት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም። በአንዱ ምስል ከመስመሩ ፊት ናት፤ በቀጣዩ በረኛው ታቅፏታል።

ቫርም የምስል ባሪያ ነው

ይህ የድሃ አገር ሞባይል ችግር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ቫር እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ያየነው የብብትና የጣት ኦፍሳይድ ትዝ ይላችኋል? መስመር እየሰመሩ፣ ሕዝቡን አምስት ደቂቃ እያስጠበቁ! የስርጭት ካሜራው በሰከንድ 50 ምስል ያነሳል። በሁለት ምስሎች መካከል የ0.02 ሰከንድ ክፍተት አለ። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ክፍተት 18 ሳንቲ ገደማ ይሄዳል። ተከላካዩ በተቃራኒው እየወጣ ከሆነ ልዩነቱ ይባስ ይሰፋል። ኳሷ ከአቀባዩ እግር የተለየችው በየትኛው ምስል ላይ ነው? በዚህኛው ወይስ በቀጣዩ? ማንም በርግጠኝነት አያውቅም። ዳኞቹ ግን በሳንቲ ሜትር ይፈርዱ ነበር። የአርሰናልም የማንቸስተርም ደጋፊ በየተራ የተቃጠለው በዚህች 0.02 ሰከንድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፊፋ ይህን ስላወቀ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ኳሷ ውስጥ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ መሣሪያ የቀበረው። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ኦፍሳይድ የሚለካው በየስታዲየሙ በተሰቀሉ ካሜራዎች ነው። ካሜራዎቹ ምን መሰሏችሁ? አይፎኖች! ከተራ የስርጭት ካሜራ በበለጠ ፍጥነት እንዲያነሱ የተደረጉ አይፎኖች። እናም ሞባይል ለኳስ አይሆንም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ይሆናል፤ ቁጥሩ በትክክል ከተመረጠ።

ከአሜሪካ የመጣው ካሴት

የሃምሳና የስልሳ ጠብ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በበጋቸው ወራት የየከተማው ቡድኖች ይገናኛሉ፤ ኳስም ይጫወታሉ፣ ይናፈቃሉም። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚላክ የኳስም የሠርግም ካሴት በኤንቲኤስሲ የተቀዳ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ፓል ማጫወቻ ይጎርሰውና ወይ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ይተፋዋል፣ ወይ ምስሉን ወደ ላይ ያንከባልለዋል። "መልቲ ሲስተም" ያለው ሰው በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነበር። ካሴቱን ወደ ፓል የሚያስገለብጥም ነበር። ገልባጩ መሣሪያ ታዲያ 30ውን ወደ 25 ለማውረድ ከስድስት ምስል አንዱን ይጥላል። በሰከንድ አምስት ምስል ተጣለ ማለት ነው። የአጎት ልጅ ከሂዩስተን የመታት ቅጣት ምት መረብ ውስጥ የምትገባባት ምስል ከተጣሉት አንዷ ልትሆን ትችላለች።

ከመጣል ይልቅ ሁለቱን ምስሎች እያደባለቀ የሚገለብጥ መሣሪያም አለ። እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ያመጣል፤ አንዷ ኳስ ሁለት ሆና ትታያለች፤ አንዷ ደመቅ፣ ሌላዋ ፈዘዝ ብላ። ውድ ውድ የሆኑት መለወጫዎች እንቅስቃሴውን አስልተው መሀል ያለውን ምስል ራሳቸው ይፈጥራሉ። ሜሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንተር ማያሚ ከገባ ወዲህ የአሜሪካን ሊግ የሚከታተል ሰው በዝቷል። ያ ሊግ በ60 አገር የሚቀረጽ ስለሆነ ወደ 50 አገሮች ሲመጣ በእንዲህ ያለ መለወጫ ያልፋል። የእንግሊዙ ግን እንግሊዝም 50፣ የዲኤስቲቪ አገር ደቡብ አፍሪካም 50፣ እኛም 50 ስለሆንን ምንም ሳይነካ ይደርሰናል። ቅዳሜ ማታ በየቤቱ የምናየው ኳስ እንደ ቅቤ የሚለሰልሰው በካሜራው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ምቱ አንድ ስለሆነም ነው።

የአገራችን ፕሪሚየር ሊግም በዚያው መስመር ገብቷል። ዲኤስቲቪ ሊጉን ማስተላለፍ በጀመረበት በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ዋንጫውን የወሰዱት ዐፄዎቹ ነበሩ። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ይካሄዱ ስለነበር ፋሲል ጎንደር ላይ ሳይጫወት ነው ሻምፒዮን የሆነው። አቡበከር ናስር 29 ጎል ያገባበት፣ የጎንደርም የደባርቅም ደጋፊ ቡድኑን በስክሪን ብቻ ያየበት ዓመት ነው። ያ ስርጭት የዓይን ልምድ ለውጧል። ዛሬ አንድ ደጋፊም ሆነ አንድ አሠልጣኝ የልጁን ቪዲዮ ሲከፍት የሚያወዳድረው ትናንት ማታ ካየው ጨዋታ ጋር ነው። የሚንገጫገጭ ቪዲዮ ካየ "ልጁ ዘገምተኛ ነው" ለማለት ሩብ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የተራራ ፀሐይና የማታ መብራት

ወደ ደባርቅ እንመለስ። ደባርቅም ዳባትም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐዩም ብርቱ። ሞባይል ብርሃን ሲበዛበት ሻተሩን ያፈጥናል፤ ማለትም እያንዳንዷን ምስል በሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያነሳል። ለፎቶ ግሩም ነው። ለቪዲዮ ግን እያንዳንዷ ምስል እንደ መርፌ የጠራች ትሆንና በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ይጋለጣል። ጥላ ባለበት ሜዳ የምትሮጥ ኳስ ትንሽ ጭራ ትተዋለች፤ ያ ጭራ ነው ዓይንን የሚያታልለው። በተራራ ፀሐይ ጭራ የለም። ስለዚህ እዚያ በ25 ወይም በ30 የተቀረጸ ኳስ ከቆላው ይልቅ የበለጠ ይዘላል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ምስሉን በእጥፍ ማብዛት፣ ወደ 50 ወይም 60 መውጣት ነው። ሁለተኛው ከሌንሱ ፊት ጥቁር መስታወት መጋረድ ነው፤ የባለሙያ ማጣሪያ ከጠፋ ጥሩ የፀሐይ መነጽር ብርጭቆም ጥቂት ይረዳል። የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም።

ማታ ሲሆን ጠላት ይለወጣል። በ50 ኸርዝ የሚበራ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። በ30 የሚቀርጽ ሞባይል 100ን በ30 እኩል ማካፈል ስለማይችል አንዷ ምስል ደማቅ፣ ሌላዋ ፈዛዛ ትሆናለች። ቪዲዮው ይጠቅሳል። በ60 ከሆነ ደግሞ ጥቁር ጥቁር መስመሮች በምስሉ ላይ ይወርዳሉ። በአዳራሽ የሚደረግ የእግር ቴኒስ ወይም ማታ በመብራት የሚደረግ የአምስት ለአምስት ጨዋታ የቀረጸ ሰው ይህን ያውቀዋል። በ25 ወይም በ50 ቅረጹ፤ ሻተሩን ደግሞ ሃምሳኛ ወይም መቶኛ ላይ ቆልፉት፤ ጥቅሻው ይጠፋል። ሞባይሉ 25ም 50ም የለኝም ካለስ? በ30 ቆዩና ሻተሩን ብቻ መቶኛ ላይ አስሩት። እያንዳንዷ ምስል አንድ ሙሉ የመብራት ምት ስለምትይዝ ሁሉም እኩል ይደምቃሉ። ብዙ ሞባይሎች ካሜራቸው ውስጥ "50 ኸርዝ" የሚል የጥቅሻ መከላከያ አላቸው፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ስሎው ሞሽን የሚወዱም ይስሙ። ማታ በመብራት ሥር በ120 የተቀረጸ ቀስታ ምስል እንደ ዲስኮ ቤት ነው። 100 የሚል ምርጫ ካለ እሱን ያዙ። ትልልቆቹ ስታዲየሞች ለዚህ ብለው ጥቅሻ የሌለው መብራት ይተክላሉ፤ የማታ ጨዋታ በቀስታ ተደግሞ ሲታይ የማይጠቅሰው በዚያ ምክንያት ነው።

መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሳ ሌላ ታሪክ ይመጣል። 50 ኸርዝ እንዲሰጥ የተሠራ ተራ ትንሽ ጄኔሬተር ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። ጭነት ሲበዛበት ይደክማል፤ ምቱም ከ50 ይወርዳል። ያኔ መቶኛ ላይ የታሰረው ሻተርም በመጠኑ ይስታል። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች ግን ሶላር ያለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው፤ ከባትሪ በቀጥታ የሚበራ አምፖል ምት ስለሌለው አይጠቅስም።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

እዚህ ላይ "ሁልጊዜ 50" ብሎ መገላገል ያጓጓል። ልክ አይሆንም። ጥያቄው ቪዲዮው የት ይታያል የሚለው ነው። ለኢቢሲ፣ ለአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ወይም ለሌላ ጣቢያ የሚሄድ ከሆነ ክርክር የለውም፤ 50 ነው። የሞባይሉ ስክሪን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ የላፕቶፕም እንዲሁ። ለቴሌግራም ወይም ለቲክቶክ የተሰናዳ፣ በቀን ፀሐይ የተቀረጸ ቪዲዮ በ60 ቢሆን ይመረጣል። በ50 የተቀረጸው በ60 ስክሪን ላይ ሲከፈት በየአምስተኛው ምስል ላይ አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ጠንቃቃ ዓይን ያያታል። ዘመናዊ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በበኩሉ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ፍላሹ በራሱ በቴሌቪዥኑ ላይ ከተሰካ ብዙ ጊዜ ራሱን አስተካክሎ ያጫውታል። መጀመሪያ ላይ ያየነው ጉድ የሚመጣው በመሀል የገባው ሪሲቨር በአንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ ሲቀር ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ 50ውን ወደ 60 ወይም "አውቶ" ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከጨዋታ በኋላ መልሶ ማስተካከልን አለመርሳት ነው እንጂ።

ለዚያ ለክንፍ ተጫዋቹ የሚቀርጽ ሰው ግን አሠልጣኙ በምን እንደሚያየው አያውቅም። እሱ በቀን 60ን፣ በመብራት 50ን ቢይዝ አይከስርም። የማይታረቀው ኃጢአት ሁለቱን በአንድ ጨዋታ ማደባለቅ ነው። አንዱ ጓደኛ ከጎሉ ጀርባ በ30፣ ሌላው ከመሀል ሜዳ በ25 ከቀረጹ ኤዲቲንግ ላይ ከሁለቱ አንዱ መንገጫገጩ አይቀርም። ከጨዋታው በፊት "ስንት ላይ ነህ?" መባባል ነው። የተራራ አስጎብኚዎችም ይህ ይገጥማቸዋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳየው "ፕላኔት ኧርዝ" ላይ የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ የቀረጹት ሰዎች ከ50 አገር የመጡ ናቸው፤ ሳንቃ በር ላይ የሚቆመው አሜሪካዊ ቱሪስት ግን በ60 ይቀርጻል። የሁለቱን ዓይነት ምስል ቀጥሎ የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ጭላዳዎቹ በመሀል ለምን መንከስ እንደጀመሩ ግራ ሊገባው ይችላል።

25 የት ተደበቀ ለሚል፦ አይፎን ሴቲንግ ውስጥ፣ ካሜራ፣ ከዚያ ቪዲዮ መቅረጫ የሚለው ሥር የፓል ፎርማት አሳይ የሚል ማብሪያ አለ፤ ሲበራ 25 ብቅ ይላል። የሠርግ ካሜራ ያለው ደግሞ ሜኑው ውስጥ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ የሚል ምርጫ ያገኛል። ፓል ሲደረግ 25፣ 50 እና 100 ይመጣሉ፤ ኤንቲኤስሲ ሲደረግ 30፣ 60 እና 120። ጥንቃቄ ግን! አንዳንድ ካሜራ ይህን ሲቀይሩት ሚሞሪው ፎርማት ካልተደረገ እምቢ ይላል። የመጀመሪያው አጋማሽ ካለቀ በኋላ መቀየር ማለት የመጀመሪያውን አጋማሽ መሰዋት ሊሆን ይችላል።

የሚቀረው የቦታ ነገር ነው። ብዙ ሰው 4ኬ የሚለው ስም ያማልለዋል። ለኳስ ከ4ኬ በ30 ይልቅ ተራው ኤችዲ በ60 ይበልጣል። ዋጋውም ያንሳል፦ አይፎን ራሱ በሴቲንጉ እንደሚያሳየው ኤችዲ በ30 በደቂቃ 60 ሜጋ ባይት፣ ኤችዲ በ60 ደግሞ 90፣ 4ኬ በ30 ደግሞ 170 ሜጋ ባይት ይበላል። የ90 ደቂቃ ጨዋታ በኤችዲ 60 ስምንት ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ በ4ኬ ከ15 ያልፋል። መሀል ላይ "ሚሞሪ ሞልቷል" ብሎ ከሚቆም ሞባይል የከፋ ነገር የለም፤ ጎሉ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው።

ቪዲዮው ሲላክም በቴሌግራም "ቪዲዮ" ተብሎ ከሄደ ይጨመቃል፤ የተለፋበት ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል። "ፋይል" ብሎ መላክ ነው። ነጻው ቴሌግራም በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል፤ በኤችዲ 60 ይህ 22 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ለአንድ የክንፍ ተጫዋች ከበቂ በላይ ነው። ሙሉውን ጨዋታ ካልላካችሁልኝ የሚል አሠልጣኝ ከመጣ ግን ፍላሹን በጠዋቱ የጎንደር መኪና መላክ አሁንም ከኔትወርኩ ይፈጥናል።